ለሸማ ተራ የተሰጠን ሃያ ደቂቃ

አባቴ አንደበቱ የተያዘው የሸማ ተራ ነጋዴዎች በእሱ አፍ ሊናገሩ በተዘጋጁበት ወር ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለአንዲት የሙሽራ እናት ኩታ ሲዘረጋ ቀኝ እጁ ከዳው። ኩታው ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሲል እሱም ተከትሎ ወደቀ። የጎን ጎረቤቱ ሐጂ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር አንሥተው ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ወደ ቤት ሲመለስ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም ነበር። ከቃላት ሁሉ የቀረችለት ደግሞ «ቆይ» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ውሃ ሲጠማው «ቆይ» ይላል፣ ሲያመው «ቆይ» ይላል፣ ደስ ሲለውም «ቆይ» ይላል። እናቴና እኔ ፊቱን እያየን የቱን ማለቱ እንደሆነ እንገምታለን።

በዚያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ የቆርቆሮ ሱቆች እየፈረሱ በቦታቸው ፎቅ ይነሣ ነበር። አባቴ ደርግ ከመውደቁ በፊትም ከወደቀ በኋላም በዚያችው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ተራው ይፈርሳል የሚል ወሬ ሲበረታ ነጋዴዎቹ ተሰብስበው አክሲዮን አቋቋሙ፤ ከቦታችን ሳንነሣ እኛው ራሳችን ደረጃ በደረጃ እንሠራለን አሉ። ሰብሳቢያቸው አባቴ ነበር። ብዙ ደጅ ከጠኑ በኋላ ከከተማው አስተዳደር የቦታ ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ መጣ፦ ሐሳባችሁን በስላይድ አዘጋጅታችሁ ለኮሚቴው በሃያ ደቂቃ ውስጥ አቅርቡ የሚል።

ሐጂ ደብዳቤውን ይዘው ቤታችን መጡ። የአክሲዮኑ ምክትል ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። ከአባቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ።

«ስላይድ የሚሉት ምንድነው ልጄ?»

«ኮምፒውተር ላይ ይዘጋጅና በመብራት ግድግዳ ላይ ይታያል፣ ሐጂ። እንደ ሲኒማ ነው፤ ግን አይንቀሳቀስም።»

«ካልተንቀሳቀሰ ምን ይረባል?»

«የሚያቀርበው ሰው አጠገቡ ቆሞ እያሳየ ያስረዳል።»

ሐጂ አባቴን አዩት። እሱም አያቸው። ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተለያየ ሱቅ ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

«የሚያስረዳልንማ ይኸው ተኝቷል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ኮምፒውተር ቤት አይደለሽ እንዴ የምትሠሪው?»

አማኑኤል አካባቢ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። ለኮሌጅ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስላይድ አዘጋጅቼ አውቃለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ግን አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህር ሲያስነሣኝ መልሱን እያወቅሁት ድምፄ ይጠፋ ነበር። አልችልም ልል አፌን ስከፍት አባቴ አየኝና «ቆይ» አለ። እሺ በይ ማለቱ መሰለኝ። ምናልባት ተይ ማለቱ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሦስት ሳምንት ነበረን። ነጋዴዎቹ ያስጠኑት የመሐንዲስ ጥናት ነበረና መጀመሪያ እሱን ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ሃምሳ አራት ስላይድ ሆነ። ጀርባውን ሰማያዊ፣ ፊደሉን ቢጫ አደረግሁት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከግራ በኩል እየበረረ እንዲገባ፣ ሲገባም የታይፕ ድምፅ እንዲያሰማ አደረግሁ። በጣም ኮራሁበት። ሐጂን መሥሪያ ቤቴ ጠርቼ አሳየኋቸው። እስከ አሥረኛው ድረስ በትዕግሥት አዩ፤ ከዚያ መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ ሃያኛው ላይ ስደርስ ጭንቅላታቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ነበር።

«ቆንጆ ነው ልጄ» አሉ ሲነቁ፣ እንዳይከፋኝ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ግን እኔ የተራው ሰው ሆኜ ካልገባኝ እዚያ የሚቀመጡት ምን ሊገባቸው ነው?»

እሑድ የመሥሪያ ቤቴን ባለቤት ላፕቶፕ ተውሼ ወደ ቤት አመጣሁ። አባቴን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነውና ያንኑ ከፈትኩለት። ስድስተኛው ስላይድ ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከፋኝ። ልዘጋው ስል ግን በስሕተት ሌላ ነገር ተከፈተ፤ ገጹን ለማሳመር ብዬ ተራው ውስጥ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ከተራው ጫፍ ተቀምጠው ፈትል የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እንዝርቱ እጃቸው ላይ ነው።

«ቆይ» አለ አባቴ።

አቆምኩለት። አየ፣ አየና በዓይኑ ቀጥይ አለኝ። ቀጥሎ የመጣው የሱቆቹ ጣሪያ ነበር፤ ዝም ብሎ አሳለፈው። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሸማኔዎች የሠሩትን ታቅፈው በየሱቁ ሲገቡ የሚያሳየው መጣ። «ቆይ» አለ፤ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ያን ቀን እስከ ማታ እንደዚያ ዋልን። እኔ አሳያለሁ፤ እሱ ያሳልፋል ወይም ያስቆመኛል። አንዱ ፎቶ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። በእሱና በሐጂ ሱቅ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፤ በዚያች ሻይ ይቀባበላሉ፣ አንዱ ያጣውን መጠን ከሌላው ይወስዳል። ከሐጂ በኩል የመጣ እጅ አንድ ነጠላ ሲያቀብለኝ ሳላስበው አንሥቼዋለሁ። አባቴ ያን ሲያይ እንባው መጣ። እናቴ ቶሎ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

በሁለተኛው እሑድ ሃምሳ አራቱ ስላይድ ወደ ዘጠኝ ወረዱ። ዘጠኙም ፎቶ ናቸው። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት አራት መስመር ጻፍኩ፣ እዚያ ቆሜ እሱን አነባለሁ ብዬ። ልምምዱን አባቴ ፊት አደረግሁ። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ሳነብ በግራ እጁ ፍራሹን ይመታል፤ ዞሬ እሱን እያየሁ ስናገር ይተዋል። እናቴ የግድግዳውን ሰዓት እያየች «ሃያ አምስት ሆነሻል፣ አሳጥሪው» ትለኛለች። ሱቅ ውስጥ አባቴን ሲሸጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ጋቢ ዘርግቶ ገዢዋ በእጇ እስክትዳስሰው ዝም ይላል እንጂ መደርደሪያውን ሁሉ አያወርድባትም። ምን እያለኝ እንደነበረ የገባኝ በዚያ ሳምንት ነው።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት እናቴ አባቴን ኮቱን አልብሳ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እዚያ እንደማይሄድ ያውቃል፤ ግን በፒጃማ መጠበቅ አልፈለገም። ሐጂና ስድስት ነጋዴዎች ከኮሚቴው መሥሪያ ቤት በር ላይ ተቀበሉኝ። ሐጂ የተራውን ሥራ ለማሳየት ብለው አንድ አዲስ ጋቢ በፌስታል ይዘዋል።

አዳራሹ ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ በአረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ በእርጥበት ጠቁሯል። ስላይድ የሚታይበት ነጭ ሸራ የለም። ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክለው ሠራተኛ «ግድግዳው ላይ በደንብ አይታይም» ሲል ሐጂ ጋቢውን ከፌስታሉ አወጡ። ሁለት ነጋዴዎች ወንበር ላይ ወጥተው ከመጋረጃው ብረት ላይ አሰሩት። ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው ጸጉሩ የሸበተ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ ነው የጨበጠን።

ፍላሼን ሰጠሁ፣ ተሰካ፣ ተከፈተ። የአሮጊቷ ፎቶ ጋቢው ላይ ወጣ። ሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን አማርኛ አልነበረም። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የጻፍከው ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ሆኖ ይወጣል። ለሰው ስተይብ ስንት ጊዜ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ለራሴ ሲሆን ግን አላሰብኩትም። ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ያው ነው።

«ይሄ በምን ቋንቋ ነው?» አለ ከኮሚቴው አንዱ። ሁለት ሰዎች ሳቁ።

እጄ ላይ ወረቀት እንኳ አልያዝኩም፤ ያመንኩት ግድግዳው ላይ የሚወጣውን ነበር። ሮጬ ልወጣ በሩን አየሁ። በሩ አጠገብ ሐጂ ተቀምጠዋል። ድምፃቸውን ሳያነሡ «ልጄ፣ ቤት ለአባትሽ የነገርሽውን ንገሪያቸው» አሉኝ።

ወደ አሮጊቷ ፎቶ መለስኩት።

«እኚህ እናት ሱቅ የላቸውም» አልኩ። መጀመሪያ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ጠዋት መጥተው ከተራው ጫፍ ይቀመጣሉ፣ ፈትላቸውን ይሸጣሉ። የእኛ ሱቆች እዚህ ስላሉ ነው እሳቸውም እዚህ ያሉት። እኛ ሌላ ቦታ ብንሄድ ሱቅ ይሰጠን ይሆናል። ለእሳቸው ግን የሚሰጥ የለም፤ በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፉም።»

ሸማኔዎቹን አሳየሁ። ከጨርቁ ጋር ቅዳሜ ጠዋት መጥተው አንዱ ሱቅ ቢዘጋባቸው ሌላው እንደሚከፍትላቸው ነገርኩ። ነጠላ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ወደ ተራው እንጂ ወደ አንድ ሱቅ እንደማይመጣ፣ ዞሮ ዓይቶ አማርጦ እንደሚገዛ ነገርኩ። ከዚያ የግድግዳዋ ቀዳዳ መጣች።

«ይቺ ቀዳዳ በአባቴና እዚያ በተቀመጡት በሐጂ ሱቅ መካከል ያለች ናት። ዓርብ ሐጂ ለሶላት ሲሄዱ ሱቃቸውን የሚጠብቀው አባቴ ነው። የእኛ በዓል ሲሆን የአባቴን የሚጠብቁት ሐጂ ናቸው። አባቴ የወደቀ ቀንም መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው፣ በዚያች ቀዳዳ። ዛሬ እዚህ ቆሞ መናገር የነበረበት እሱ ነው። መናገር ስላልቻለ ነው እኔ የመጣሁት። የምንለምነው ፎቅ አይሠራ ብለን አይደለም። እኛው እንሥራው፤ ሳንበታተን።»

ስጨርስ ከኮሚቴው አንዲት ሴት «እናትዮዋ አሁንም አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዛሬም መጥተው ተቀምጠዋል» አልኳት። አንገቷን ደፋች።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ብዙ ሰው ሰምቻለሁ» አለ። «እንዲህ ልብ የሚነካ አልሰማሁም። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ነገር ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። የቦታው ጉዳይ ከእኛ በላይ ቀርቦ ባለፈው ሳምንት ተወስኗል። ለአልሚ ተሰጥቷል። ለእናንተ በከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል።»

«ታዲያ ለምን ጠራችሁን?» አሉ ሐጂ።

«ሐሳብ መስማት ስላለብን ነው።»

ሐጂ ጋቢውን ራሳቸው አወረዱና ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኙ ቀስ ብለው አጠፉት። ከዚያ ደረጃውን ወረድን።

ቤት ስገባ አባቴ ኮቱን እንደለበሰ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ከደረጃው ጀምሮ እንዴት እንደምነግረው ሳሰላስል ነበር የመጣሁት። ዓይኑን ሳይ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ተቀበሉን አባዬ» አልኩት። «እናንተው ሥሩት፣ ከቦታችሁ አትነሡም አሉን።»

ግራ እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቴን ወደ ደረቱ ሳበው። ቀና ብዬ በትከሻው አሻግሬ እናቴን አየኋት። ማብሰያ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ከፊቴ አንብባ እውነቱን አውቃዋለች። ተመልሳ ገባች።

በማግሥቱ ሐጂ ሊጠይቁት ሲመጡ ደጅ ላይ ይዤ ምን እንዳልኩት ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ለታመመ ሰው ውሸት ለስንት ቀን መድኃኒት ይሆናል?» አሉኝ።

«እስኪበረታ ብቻ ነው፣ ሐጂ።»

ገቡና አጠገቡ ተቀመጡ። ተሳክቷልም፣ አልተሳካምም አላሉትም። እጁን ይዘው «አላህ ያውቃል፣ ወንድሜ» ብቻ አሉት። አባቴ በደስታ ይሁን በምን እንጃ፣ ፈገግ አለ።

እኔ ያላሰብኩት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ መራመድ ጀመረ። ሐኪሞቹ ሲነግሩት አሻፈረኝ ያለ ሰው በየጠዋቱ ከአልጋው ወርዶ ግድግዳ እየያዘ ይሄዳል። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግቢው ቧንቧ። ከዘራ ገዛንለት። ጥቂት ቃላትም ተመለሱለት፤ «ውሃ» አለ፣ የእናቴን ስም ጠራ። አንድ ቀን «ሱቅ» አለኝ። «ዝናቡ ይለፍ አባዬ» አልኩት። ዝናቡ ሲያልፍ መንገዱ ለአስፋልት ተቆፍሯል አልኩት። ሱቁ በፈረሰበት ሳምንት ዕቃውን ሐጂ ቤት አስቀመጥነው፣ እንዳያይ። ከዚያ ሐጂም ምትክ ወደተሰጣቸው ቦታ ሄዱና ከሩቅ ስለሚመላለሱ እንደ ድሮው አዘውትረው መምጣት አልቻሉም። አባቴ በሩን እያየ ይጠብቃቸዋል። እኔ ደግሞ ለመቅረታቸውም ምክንያት እፈጥራለሁ።

የአማኑኤል ዕለት ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። የተራውን ዕቃ ሲሸከም የኖረ አንድ ጎልማሳ እያለከለከ ገባ።

«የጋሼ ልጅ» አለኝ፣ «አባትሽ የቆርቆሮው አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ብለምናቸው አልነሣም ብለዋል።»

ሮጥኩ። ሸማ ተራ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን ታጥሯል፤ ከውስጥ የመቆፈሪያ መኪና ይጮኻል። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ነው የመጣው። ሲያየኝ አልተቆጣም። ብቻ እንደማያውቀው ሰው አየኝ። «እንሂድ አባዬ» ብዬ ትከሻዬን ሰጠሁት፤ አልያዘኝም። ተሸካሚውን ተደግፎ ተነሣ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተራመደም። ከዘራው ከአልጋው ራስጌ እንደቆመ ቀረ። ከእናቴ እጅ ይበላል፤ እኔ ሳጎርሰው አፉን ይዘጋል። አንድ ወር ያህል እንደዚያ ሆነን ሰነበትን። መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ያንን ላፕቶፕ እንደገና ተዋስኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ እያሳየሁ ነገርኩት። ፊደሉ እንደተዘበራረቀ፣ እንደተሳቀብኝ፣ ሐጂ ያሉኝን፣ ከዚያም የተናገርኩትን አንድም ሳላስቀር። ሰብሳቢው ያለውንም ነገርኩት። በደረቅ ዓይን ሰማኝ።

«ለምን?» አለ።

ይህን ቃል ከታመመ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ለምን እንደዚያ ወሰኑ ማለቱ ይሁን፣ ለምን ዋሸሽኝ ማለቱ ይሁን አላወቅሁም። ሁለቱንም መለስኩለት። የመጀመሪያውን አላውቅም አልኩት። ሁለተኛውን «ኮትህን ለብሰህ ስለጠበቅኸኝ ነው» አልኩት። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ የነጠላዬን ጫፍ በግራ እጁ ያዘና ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ይቅርታ ይሁን ልማድ መለየት አልቻልኩም። ማታ ግን ከእጄ ጎረሰ።

ጥቅምት ሲገባ በተኛበት አረፈ። የተበተኑት የተራው ሰዎች ከያሉበት መጡ፤ አንዳንዶቹ ከፈረሰ ወዲህ የተያዩት በእኛ ድንኳን ውስጥ ነው። ሐጂ ሦስቱንም ቀን ከእኛ ጋር ዋሉ። አስከሬኑ የተሸፈነበትን ጋቢ እሳቸው ናቸው ያመጡት።

ዛሬ ሥራዬ ይኸው ሆኗል፤ መሥሪያ ቤቶች ለስብሰባ የሚያቀርቡትን አዘጋጅላቸዋለሁ፣ ወጣት ሠራተኞችንም አስተምራለሁ። ጽሑፍ አታብዙ፣ ፊታችሁን ወደ ሰው አዙሩ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት እላቸዋለሁ። ከማን እንደተማርኩት አልነግራቸውም።

ከእናቴ ጋር ስለዚያ ውሸት ያወራነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የሙት ዓመቱ ሰሞን። ምስር እየለቀመች ነበር።

«እውነቱን ብትነግሪው ኖሮ ያን ሁሉ ቀን አይራመድም ነበር» አለችኝ።

«እውነቱን ብነግረው ኖሮ እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻውን አይቀመጥም ነበር» አልኳት።

«እሱስ እውነት ነው» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።